ለእማዬ፣ ቦንጋ

አዲስ አበባ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

የላክሽው ማርና ኮረሪማ በሰላም ደርሶኛል። ቆጮውን የቤቱ ልጆች በአንድ ምሽት ጨርሰው «እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል፤ የሚጠይቁት ለአንቺ ይሁን ለቆጮው አልገባኝም።

ባለፈው ስንደዋወል ጎረቤቶች «ልጅሽ እዚያ ምን ትሠራለች?» ሲሉሽ የምትመልሽው እንደሚጠፋሽ ነገርሽኝ። ላስረዳሽ ስጀምር ኔትወርኩ ተቆራረጠና «ብቻ በርቺ» ብለሽ ዘጋሽው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ረዘመ ብለሽ እንዳትተዪው፤ መጨረሻው ላይ የምለምንሽ ነገር አለኝ።

ሥራዬ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው ውጦት በሽንት የወጣ ወይም ሳይዋጥ የተደፋ መድኃኒት ከፍሳሽ ጋር ወንዝ ከመግባቱ በፊት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ሥራ በሚጀምር ስስ ሽፋን ማፍረስ። ማጣራት አላልኩም፤ ማፍረስ ነው ያልኩት። ልዩነቱን ወደ በኋላ እነግርሻለሁ።

ዕድሜሽን መድኃኒት ቤት ቆመሽ ስለሠራሽ ለሌላው የሚከብደው ለአንቺ ቀላል ነው። አሞክሲሲሊን ስታስረክቢ «በየስምንት ሰዓቱ፣ እንዳታቋርጥ» የምትዪው መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ነው። አወጣጡ ግን ተሰባብሮ አይምሰልሽ። ከተዋጠው 60 በመቶ የሚሆነው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳለ በሽንት ይወጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲንም ከ40 እስከ 50 በመቶው እንዲሁ። አክስቴ ለስኳሯ የምትውጠው ሜትፎርሚን ደግሞ ወደ ደሟ የገባው ሁሉ ማለት ይቻላል ሳይለወጥ ነው የሚወጣው። በሽተኛው ሲድን የመድኃኒቱ ነገር ያበቃ ይመስለናል፤ እሱ ግን ገና መንገድ መጀመሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በ104 አገሮች፣ በ258 ወንዞች ላይ ከ1,052 ቦታዎች ውኃ ቀድቶ 61 ዓይነት መድኃኒትና መሰል ንጥረ ነገር ፈልጎ ነበር። የመድኃኒታቸው ድምር እጅግ ከፍ ብሎ ከተገኙት ከተሞች መካከል የፓኪስታኗ ላሆርና የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ከፊት ናቸው፤ ቀጥላ የመጣችው የኛዋ አዲስ አበባ ናት፣ በአማካይ በሊትር 51.3 ማይክሮ ግራም። ለአንቺ በሚገባሽ ልክ ላስቀምጠው፦ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን አሥር ሺህ ሊትር ውኃ ውስጥ ብትጥዪው የሚሆነው ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ወንዝ ግን በአሥር ሺህ ሊትር የሚለካ ነገር አይደለም፤ ቀን ከሌት ይፈሳል፤ ያን ያህል እንዲቆይበት ስንት ካርቶን ኪኒን እንደሚገባበት አንቺው አስቢው።

በዚያ ጥናት አንድ ነገር አሳቀኝ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ቦታዎች ከተገኙት አንዱ ካፌይን ነው። ካፋ ለዓለም ያጠጣችው ቡና በየአገሩ ወንዝ ተመልሶ ወጣ ማለት ነው። ለጎረቤት ይህንን ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

የማያስቀው ደግሞ ይኸውልሽ። ይህን ያህል መድኃኒት ያለበትን ውኃ የጠጣ ሰው በመድኃኒቱ ምክንያት ወዲያው አይወድቅም፣ አይታመምም። ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በጥቂቱ ያለበት ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከመሞት ይልቅ ይለማመዱታል፤ የተለማመዱት ይራባሉ፤ ለሌሎቹም ያስተላልፋሉ። «አሞክሲሲሊን አልያዘልኝም፣ ጠንከር ያለ ስጪኝ» እያለ የሚመለስብሽ ሰው እየበዛ መምጣቱን አንቺ ከኔ በፊት ነው ያየሽው። በእርግጥ ዋናው ምክንያት ያለ ትእዛዝ መግዛትና ጀምሮ ማቋረጥ ነው፤ ወንዙ ግን እሳቱ ላይ ጭራሮ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ የሞተው መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እንደሆነ ተገምቷል። ለወገብሽ የምትወስጂው ዳይክሎፌናክም ያልታሰበ ጦስ ይዞ መጥቷል። በደቡብ እስያ ለከብት ይሰጥ ስለነበር የሞተውን ከብት የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ በየዛፉ ሥር ረገፉ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ሕንድ በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። ያ ከፍሳሽ ጋር አይገናኝም፤ ግን አንድ መድኃኒት ከታሰበለት አካል ሲወጣ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል ያሳያል።

ቦንጋ ከዚህ ሁሉ የራቀች ትመስልሻለች፤ ግን ተመልከቺ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መቀመጫ ሆናለች፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ከየወረዳው የሚመጣውን ያስተናግዳል። ሰው ሲበዛ መድኃኒት ይበዛል። እኛ ሰፈር ሁሉም በየጓሮው ጉድጓድ ነው የሚጠቀመው፤ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ ዝቃጩን ያስቀራሉ እንጂ የሟሟውን ነገር አይዙም። አፈሩ የጠጣው ወደ ጅረት ይሄዳል። ከካፋ ተራሮች የሚወርደው ውኃ አብዛኛው ጎጀብ ይገባል፣ ጎጀብ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ይዘልቃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌርነት የመዘገበው ደን፣ የዱር ቡናው ያለበት፣ ከዚሁ ውኃ ነው የሚጠጣው። አዲስ አበባ ቢያንስ ቃሊቲ ላይ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ አላት፤ እሱም ቢሆን የታሰበው ለሰገራና ለመሰል ቆሻሻ ነው። የሟሟ መድኃኒት ለብቻው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሽፋኑ ልመለስ።

ነገሩ የተጀመረው ጃፓን ነው። አኪራ ፉጂሺማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ከመምህሩ ከኬኒቺ ሆንዳ ጋር ሆኖ፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነገር ውኃ ውስጥ ሆኖ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃውን ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን እንደሚከፍል እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመ። ይህን ነገር አንቺ በየቀኑ ስትቆጥሪው ኖረሻል፤ የብዙ ኪኒኖች ነጭ ልባስ እሱ ነው። ቀለም ውስጥም አለ፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥም አለ። ብርሃን ሲመታው ከውስጡ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፤ የለቀቀው ቦታ ባዶ ይቀራል። የተነሳው ኤሌክትሮን ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ያገኝና ሱፐርኦክሳይድ ያደርገዋል። ባዶው ቦታ ደግሞ ከውኃው ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ዕድሜው ከቅጽበት ያነሰ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ነገር ይወልዳል። አጠገቡ የመድኃኒት ሞለኪውል ካለ ይሰብረዋል፤ ስብርባሪውን እንደገና ይሰብራል፤ ጊዜ ከተሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ እስኪሆን ይሄዳል። ማፍረስ ያልኩሽ ይህንን ነው። ማጣሪያ መድኃኒቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያዛውራል፤ ሽፋኑ ግን መድኃኒትነቱን ያስቀረዋል።

ችግሩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ምርጫ ማብዛቱ ነው። የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ 5 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሌላ ጓደኛ ይፈለግለታል። እኔ የምጠቀመው ቢጫ ዱቄት ነው፣ ግራፊቲክ ካርቦን ናይትራይድ ይባላል፤ ከምን እንደሚሠራ ብነግርሽ አታምኚኝም፦ ከዩሪያ። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ! ክዳን ባለው የሸክላ ጽዋ አድርጌ በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት አቆየዋለሁ፤ አሞኒያው እየሸተተ ይወጣና ታች ላይ የቀረው ቀላል፣ እንደ ቂጣ የሚፈረፈር ቢጫ ነገር ነው። ይሄ ዱቄት ሰማያዊውን ብርሃን ጭምር ይጠቀማል። ሁለቱ ሲጣመሩ ሌላም ጥቅም አለ። ኤሌክትሮኑና ባዶው ቦታ በቅጽበት ተመልሰው ከተገናኙ ብርሃኑ በከንቱ ባከነ፣ ወደ ሙቀት ተለውጦ ቀረ፤ ሁለት የተለያዩ ዱቄቶች ሲነካኩ ግን አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይሄዱና ለሥራ ጊዜ ያገኛሉ።

«ታዲያ ዱቄቱን ውኃው ውስጥ መጨመር ነዋ!» እንደምትዪ አውቃለሁ። ዱቄቱ ሥራውን ከሠራ በኋላ ማን ያወጣዋል? የጀበና ቡና እንኳ ትንሽ ቢያርፍ አተላው ይሰክናል፤ ይሄ ግን እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ቢውል ቢያድር አይሰክንም፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተያይዞ ወንዝ ይገባል። ለዚህ ነው ዱቄቱን አንድ ነገር ላይ ማሰር ያስፈለገው። ኪቶሳን የሚባል ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚገኝ ነገር አለ፤ በቀጭን የኮምጣጤ አሲድ ይሟሟል። ዱቄቶቹን እጨምርና እስኪዋሐድ አማስላለሁ፣ ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህን ላይ አፈሰዋለሁ፣ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ጠርዙን በወረንጦ ስይዘው ሳይቀደድ ከተነሳ የዚያን ቀን ፊቴ ይበራል። ቢጫ፣ ሳሳ ያለ፣ ወደ መስኮት ስታነሺው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። መሐሉ ላይ ዱቄቱ ተከማችቶ ጠቃጠቆ ካወጣ ይጣላል።

ከዚያ ቴትራሳይክሊን ያለበት ውኃ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው። መጀመሪያ ጨለማ ውስጥ ማቆየት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ያለ ምንም ብርሃን መድኃኒቱን ላዩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል፤ የተለጠፈውን ፈረሰ ብሎ መቁጠር ውሸት ነው። መብራቱ የሚበራው መለጠፉ ሲያቆም ነው። ከዚያ በየተወሰነው ደቂቃ ትንሽ እየቀዳሁ በመሣሪያ እለካለሁ፤ የውኃው ቢጫነት እየደበዘዘ ይሄዳል። እዚህ አገር በዚህ መንገድ የተሄደበት ጊዜ አጭር አይደለም፤ ሐረማያና አዳማ ያሉ ተመራማሪዎች በተለይ በዚንክ ኦክሳይድ ብዙ ሠርተዋል። ቅር የሚለኝ የዘርፉ ልማድ ነው፣ በዓለም ሁሉ፦ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ማቅለሚያ ማፍረስ። ሰማያዊው ሲጠፋ በዓይን ስለሚታይ ያምራል፤ ማቅለሚያው ራሱ ግን ብርሃን ስለሚውጥ ውጤቱን ያጋንናል። ወንዛችንን የሚያሳስበው ደግሞ እሱ አይደለም።

ቀለሙ ጠፋ ማለትም አለቀ ማለት አይደለም። ጊዜው ያለፈበትን ቴትራሳይክሊን ለማንም እንዳልሰጥ «ኩላሊት ይጎዳል» ብለሽ ስታስጠነቅቂኝ ታስታውሻለሽ? ልክ ነበርሽ፤ መድኃኒቱ ሲበላሽ የሚወጣው ነገር ከመድኃኒቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ላይም ያው ነው። በግማሽ የፈረሰ ሞለኪውል ከሙሉው የከፋ ሊሆን ስለሚችል ውኃው ውስጥ የቀረውን ካርቦን በሙሉ ሳልለካ «አጽድቻለሁ» ማለት አልችልም። ይህን የማይለኩ ተመራማሪዎች ሲበዙ ሳይ እናደዳለሁ።

አሁን ደግሞ የቦንጋን ነገር በግልጽ ላውራሽ፤ ሽፋኔን ስለወደድኩት ብቻ እንዳላሞግሰው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ውኃ ንጹሕ ነው፤ ከመድኃኒቱ በቀር ምንም የለበትም። የኛ ውኃ ግን ከደን የመጣ ቅጠል የቀለመበት ነው፤ በቡና ወቅት ደግሞ ከእሸት ቡና ማጠቢያዎቹ የሚወጣው ቡናማ እጣቢ ይጨመርበታል። ያ ሁሉ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ራዲካሉንም ለመድኃኒቱ ሳይደርስ ይበላዋል። ሁለተኛ ሰማዩ ነው። ኢትዮጵያ የ13 ወር ፀጋ ናት የሚለው ቦንጋ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ዝናብና ደመና ነው። የደመና ብርሃንም ይሠራል፣ ግን ቀስ ብሎ፤ ፀሐይ ላይ በጥቂት ሰዓት የሚያልቀው እዚያ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ የሽፋኑ የራሱ ጠባይ ነው፦ ያ ሁሉን የሚያጠቃ ራዲካል የታሰረበትንም ኪቶሳን ያጠቃል። ዱቄቱ የተቀመጠበትን ወንበር ይበላል ብትዪኝ አልክድሽም። የማይበላ ፕላስቲክ አለ፣ ፍሎሪን ያለበት፤ እሱ ደግሞ ራሱ ዘመን የማይሽረው ብክለት ነው፤ መድኃኒት አወጣለሁ ብዬ እሱን ወንዝ ዳር መትከል አልፈልግም። መስታወት ላይ መለበጥ ይሻላል ብዬ እየተከራከርኩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ራሱን የሚያጸዳ የመስኮት መስታወት በዚሁ በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ተለብጦ ገበያ ላይ ውሏል፤ ሥራውን ለዓመታት ይሠራል። የእንሰት ቃጫችንንም በልቤ ይዣለሁ፤ ሴሉሎስ ነው፣ ከባሕር ማዶ ሸርጣን አያስመጣም። እሱም ይበላል፣ ግን ሲበላ የሚተወው መርዝ የለም፤ ለመተካትም ጓሮሽ አለ።

ባለጠጎቹ ይህን መንገድ አልመረጡም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ መሠረት ትላልቅ ማጣሪያዎቿ ላይ ኦዞንና የነቃ ከሰል እያስገባች ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ ደግሞ የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች የዚህን ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲሸፍኑ ወስኗል፤ ይህን ስሰማ አጨብጭቤያለሁ። ኦዞን የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፤ ስለ ቦንጋ መብራት ላንቺ አልነግርሽም። ከሰሉን ግን አልንቀውም፤ ከቡና ገለባ ሊሠራ ይችላል፣ ገለባ ደግሞ አላጣንም። ከሰሉ የያዘውን መድኃኒት ይዞት ይቀመጣል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሲጠግብ የት እንደሚጣል ማሰብ ያስፈልጋል። ፍርዴን ከጠየቅሽኝ፣ ለትልቅ ከተማ ማጣሪያ የኔ ሽፋን አይሆንም። ለአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ለአንድ የሆስፒታል ክፍል መውጫ፣ ከሴፕቲክ ታንክና ከአሸዋ ማጣሪያ በኋላ፣ ውኃው ስስ ሆኖ በዝግታ በሚያልፍበት ጠፍጣፋ ቦይ ላይ ግን ሊሆን ይችላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? መድኃኒቱ በወንዝ ተበታትኖ ከመጥፋቱ በፊት፣ ገና ጥቂት ውኃ ውስጥ ተከማችቶ ሳለ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

እንግዲህ ልመናዬ። በሽንት የሚወጣውን ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ሳይዋጥ የሚደፋውን ግን ማስቀረት ይቻላል፣ ለዚያ ደግሞ ዱቄትም ሽፋንም አያስፈልግም። የተረፈ ሽሮፕ ማጠቢያ ላይ ይደፋል፤ ጊዜው ያለፈበት ኪኒን ጉድጓድ ይጣላል ወይም ከቆሻሻ ጋር ጓሮ ይቃጠላል። አንቺን የቦንጋ መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ያውቁሻል፤ ግማሾቹ ሥራውን ካንቺ ነው የተማሩት። እባክሽ አነጋግሪልኝ። በየመድኃኒት ቤቱ ክዳንና ቁልፍ ያለው አንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሰው የተረፈውንና ጊዜው ያለፈበትን አምጥቶ እዚያ ይክተት፤ ሲሞላ በደንቡ መሠረት እንዲወገድ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ይተላለፍ። ስትሸጡም ሙሉውን እንዲጨርስ ከመንገር ጋር «የተረፈ ካለ ይዘህ ና» የምትለዋን ጨምሩባት። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን በስምና በብዛት የሚመዘግብ ደብተር ካለ ደግሞ ለኔ ትልቅ ሀብት ነው፤ የትኛው መድኃኒት ላይ ልሥራ የሚለውን ከሜቲሊን ብሉ ይልቅ የቦንጋ ደብተር ቢነግረኝ እመርጣለሁ።

ክረምቱ ሲገባ እመጣለሁ። ብዙ ሰው በጋ ላይ ነው የሚሞክረው፤ እኔ ግን ሽፋኑን በደመናው ላይ ልፈትነው ነው የምፈልገው። ከመምጣቴ በፊት መድኃኒት ቤቶቹ ምን እንዳሉሽ በስልክ አሳውቂኝ፤ እምቢ ያለ ካለም ስሙን አትንገሪኝ፣ ምክንያቱን ብቻ ንገሪኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ